አንቀጽ ሰባት ያልጻፈው

ለቡ መብራት ኃይል
ቅዳሜ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ መምህሬ ዶክተር በኃይሉ፣

«ውድ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መለስኩት። መጀመሪያ «ለዶክተር በኃይሉ» ብቻ ብዬ ነበር፤ የወረዳ ማስጠንቀቂያ መሰለብኝና ቀደድኩት። ከዚያ ሰላምታውን ትቼ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ አልኩ፤ እሱም የባለጌ ሆነብኝ። እናቴ እንዲያ አድርጋ አላሳደገችኝም። በመጨረሻ እውነቱን ተቀበልኩት፤ እወድዎታለሁ፣ እንዲህ የተናደድኩትም ስለምወድዎ ነው። የማላከብረው ሰው ይህን ቢያደርግ ኖሮ «ድሮስ ከሱ ምን ይጠበቃል» ብዬ አልፈው ነበር።

ስልክዎን ዘጠኝ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ቤትዎ ድረስ ሄጄ ባንኳኳ የግቢዎ ጠባቂ አቶ ሳዳም ወጥቶ ሐዋሳ ልጅዎ ዘንድ እንደሄዱ ነገረኝ። መቼ እንደሚመለሱ ብጠይቀው «እንጃ፣ ለአየር ለውጥ ነው ያሉት» አለኝ። ጥሩ ነው፣ አየሩ ይስማማዎት። እኛ ቤት ግን አየሩ ከኅዳር ወዲህ ያው ነው። አቶ ሳዳም የልጅዎን አድራሻ ስለሰጠኝ ይህን ደብዳቤ ነገ ጠዋት በሐዋሳ መኪና እልከዋለሁ።

የሚያውቁትን ነገር ከመጀመሪያው ልነግርዎ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኅዳር 15 ቀን እርስዎም አባል በሆኑበት በእድራችን ጉባኤ ፊት ቆመው ሲናገሩ የሰማዎት ሰው ምንም የሚያውቁ አይመስለውም ነበር።

አባቴ ጉርሜሳ ሠላሳ ዓመት የመብራት ምሰሶ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ፣ መጋቢት 2015 አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ አንደበቱም ተይዟል። ውሃ እንኳ ቀና አድርጎ የሚይዘው ሰው ከሌለ ያንቀዋል። አንድ ቀን እናቴ ሱቅ ድረስ ሳሙና ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ከአልጋው ተንሸራቶ፣ ፊቱ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አገኘችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻውን ትታው ከግቢው በር አልፋ አታውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ሰፈርተኛው ሁሉ ሙዝና ብርቱካን ይዞ መጣ፤ መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ቆሞ ይጠይቅ ነበር። በሁለተኛው ወር የሚመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ሆነ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

በ2016 ክረምት ደግሞ ከእድራችን ቤተሰቦች ሦስት ሰው ተከታትሎ ሞተ። ለፋፊው በሜጋፎን እየዞረ ሲናገር እናቴ አባቴን ደግፋ ይዛ ትሰማ ነበር። በሦስቱም ቀብር «ወይዘሮ ዓለሚቱ» ተብሎ ስሟ ተጠራ፤ አቤት የሚል አልነበረም። ሦስተኛዋ ሟች የእድሩ ዳኛ የአቶ ነጋ እናት ነበሩ። መስከረም ላይ እናቴ ደብዳቤ ደረሳት፤ በአንቀጽ ሰባት መሠረት በገዛ ፈቃዷ ከእድሩ እንደወጣች ስለሚቆጠር ጉዳይዋ ለጠቅላላ ጉባኤ እንደሚቀርብ ይገልጻል። በገዛ ፈቃዷ። ሃያ ስድስት ዓመት የስንቱን ለቅሶ ወጥ ስትሠራ፣ የስንቱን ድንኳን ስትጠርግ የኖረች ሴት፣ ባሏን አንቆት እንዳይሞት ብላ ቤት ስለተቀመጠች በገዛ ፈቃዷ ወጣች። አባቴ ነገ ዓይኑን ቢከድን ድንኳን የሚተክልለት፣ መቃብር የሚያስቆፍርለት፣ ቆሞ የሚያለቅስለት እድር የለውም ማለት ነው።

መምህሬ፣ እርስዎ የፖለቲካ አስተሳሰብን ታሪክ ሲያስተምሩን የመጀመሪያው ቀን ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ? ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፉም። «አንድን ጽሑፍ ከማንበባችሁ በፊት ጸሐፊውን ማን እንዳናደደው ጠይቁ» አሉን። ሳቅን። እርስዎ ግን አልሳቁም። ስለ መንግሥት፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ነፃነት የተጻፈ ነገር ሁሉ ለአንድ ጠብ የተሰጠ መልስ ነው፤ ጠቡን ሳታውቁ መልሱን ብታነቡ የስልክ ወሬ ባንድ ወገን ብቻ እንደመስማት ነው አሉን። ታላላቆቹ ጥያቄዎች በየዘመኑ ያው ናቸው፣ አሳቢዎቹም አንድ ገበታ ላይ እንደተቀመጡ ሰዎች በሺህ ዓመት ርቀት ይነጋገራሉ የሚሉትን ምሁራን ስናነብ ደግሞ፣ «ሙታንን ስብሰባ ጠርታችሁ በናንተ አጀንዳ አታወያዩአቸው» ይሉን ነበር። ይህን ደብተሬ ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ።

በመጀመሪያው መንፈቅ የሰጡኝንም ውጤት አልረሳሁትም። አንድ የጥንት የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ለንጉሡ «ንጉሥ የድሃ ጠባቂ ነው» ብሎ የጻፈውን ይዤ፣ የሕዝብ ሥልጣን ዘር በአገራችን ከዚህ በቀለ ብዬ አሥራ ስምንት ገጽ ጻፍኩ። ኩራቴ አይጣል ነበር። እርስዎ በሁለት መስመር ጨረሱኝ፤ «ሰውየው ይህን ሲጽፍ ርስቱ ተወርሶበት ነበር። ይህ ፍልስፍና ሳይሆን ልመና ነው፤ ሂጂና ጠቡን ፈልጊ።» ሲ ሰጡኝ። ሦስት ሳምንት ቤተ መዛግብት ውስጥ አቧራ ስቅም ከረምኩ። ጠቡን አገኘሁት፣ እውነትም ልመና ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ ያሉኝን ሁሉ አመንኩ። እናቴም ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ ስመጣ ስለእርስዎ ሳወራላት «የተማረ ይግደለኝ» ትል ነበር። ተረቱን እንደ ሰው ሁሉ በፍቅር ነው የምትለው፤ አንድ ቀን ቃል በቃል ይደርስባታል ብላ አይደለም።

ስለዚህ የእድሩ ማስጠንቀቂያ ሲደርስ አላለቀስኩም። ያስተማሩኝን ነው ያደረግኩት። አንቀጽ ሰባትን አወጣሁና አነበብኩት። «ማንኛውም አባል በተከታታይ በሦስት ቀብር ላይ ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ እንደሆነ በገዛ ፈቃዱ ከማኅበሩ እንደወጣ ይቈጠራል። ከዚህ የሚድነው መንገድ የሄደ፣ የታሰረ፣ ራሱ የታመመና አራስ የሆነች ብቻ ነው።» በ1963 ዓ.ም. ሠላሳ ሁለት አባወራዎች፣ አካባቢው ገና የጤፍ ማሳ ሳለ የጻፉት ነው። ደግመው ደጋግመው ያሰቡ ሰዎች እንደሆኑ ያስታውቃል። እስረኛን ያስታወሱ፣ አራስን ያስታወሱ ሰዎች አስታማሚን እንዴት ረሱ? በዚያን ዘመን በሠላሳ ሁለት ቤት ውስጥ አልጋ የያዘ ሰው አልነበረም? ነገሩ አላሳምነኝ አለ።

አቶ ጀማሉዲን ዘንድ ሄድኩ። ላፍቶ የግንባታ ዕቃ መደብር ያላቸው፣ የድንኳን መጋዘኑን ቁልፍ የሚይዙት፤ አባታቸው የእድሩ የመጀመሪያው ጸሐፊ ነበሩ። የአባታቸው ደብተር መጋዘኑ ውስጥ በቆርቆሮ ሳጥን ተቀምጧል። ለማንም እንዳይሰጡ አደራ ተብለው ነበርና ትንሽ አመነቱ። በኋላ «አትስጥ እንጂ አታስነብብ አላለኝም» ብለው ከፈቱልኝ። የተጠቀለለ ድንኳን ላይ ተቀምጬ ከሰዓቱን ሙሉ አነበብኩ። ከፊት በኩል ቃለ ጉባኤው አለ፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደተቆጣ፣ ማን ይቅርታ እንደጠየቀ። ደብተሩን ገልብጬ ከጀርባው ስከፍት ሌላ ነገር ተጀመረ። ርዕሱ «የበሽተኛ ተራ» ይላል።

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየቀብሩ ቀን፣ በሽተኛ ባለበት ቤት ሁሉ ሁለት ሁለት ሰው ይመደብ ነበር። «በአናጢው ቤት ሁለት ሰው ይቀመጥ፣ ሚስቱ ቀብር ትወጣለች» ይላል አንዱ። የተመዳቢዎቹ ስም ተጽፎ ከጎኑ ምልክት ተደርጎበታል። በሽተኛ ቤት የተቀመጠ ሰው ስሙ ሲጠራ ቀብር እንደወጣ ይቆጠርለታል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ተራው ደርሶ ሳይመጣ የቀረ ሰው ተከሶ ቀርቧል፤ «ከቀብር እንደቀረ ተቈጠረበት» ይላል ብያኔው። ይህን መስመር አራት ጊዜ አነበብኩት።

ገባዎት አይደል? ለነገሩ ገብቶዎታል፤ ከእኔ በፊት ነው የገባዎት። ሰዎቹ አስታማሚን አልረሱም። በእነሱ ዘንድ ብቻውን የሚያስታምም ሰው ስላልነበረ ነው አንቀጹ ውስጥ ያልጻፉት። አግዳሚ ወንበር ለመቀመጫ ነው ብሎ ደንብ የሚያወጣ የለም። እንግዲህ በመሥራቾቹ አሳብ ከሄድን፣ ክረምቱን ሙሉ ከቀብር የቀረችው እናቴ ሳትሆን ተራውን ያጓደለው እድሩ ነው። ሦስት ቀብር ሙሉ የእኛን በር ያላንኳኳው አባል ሁሉ ስሙ መሰረዝ ነበረበት።

ደብተሩን በአቶ ጀማሉዲን ፈቃድ፣ በዚያው ቀን ልመልስ ቃል ገብቼ፣ ይዤ እርስዎ ቤት የመጣሁት ከጉባኤው አንድ ሳምንት በፊት፣ እሁድ ከሰዓት ነው። ሮጬ ነው የመጣሁት ብል አላጋነንኩም። መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው ደብተሩን ወደ ዓይንዎ አስጠግተው ሲያነቡ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። እውነቱን ልንገርዎ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ያስተማሩኝን መልሼ ያመጣሁልዎት መስሎኝ ነበር። ጨርሰው ቀና አሉ።

«ምስጢር፣ ይህ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል» አሉኝ።

ምዕራፍ! አባቴ ድንኳን እንዳይተከልለት እየተወሰነበት እርስዎ የታየዎት የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ ነው። ያን ጊዜ ግን አልተናደድኩም፣ እንዲያውም ደስ አለኝ፤ አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። እሁድ ጉባኤው ላይ ይናገሩት እንደሆነ ጠየቅኩዎት። መነጽርዎን አወረዱና በሸሚዝዎ ጫፍ መጥረግ ጀመሩ።

«ክፍል ውስጥ ብትሆኚ ልክ ነሽ» አሉ። «እድር ግን ሴሚናር አይደለም። ሰዉ የሚፈልገው አንድ የማያሻማ መስመር ነው። ደግሞ ነጋ እናቱን ነው የቀበረው፤ ልቡ ቆስሏል።»

«የእናቴስ ልብ?» አልኩዎት።

ሻይ ይጨመርልሽ አሉኝ። ቆይተውም አዲሱን መተዳደሪያ ደንብ እንዲያረቁ ኮሚቴው አደራ እንደሰጠዎት፣ ገና ከጅምሩ ከዳኛው ጋር መጋጨት እንደማይፈልጉ አጫወቱኝ። እስከ በሩ ሸኙኝ። በርትተሽ ጻፊው አሉኝ።

ከዚያ ኅዳር 15 መጣ። እኔ አባል ስላልሆንኩ አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ነበር። እናቴ አባቴን ማን ይይዝላታል፣ ስለዚህ በገዛ ክሷ ላይ አልተገኘችም። አቶ ነጋ ጉዳዩን አቀረቡና «ነገሩን ዶክተሩ ያብራሩልን» አሉ። ተነሡ። እንዴት አድርገው እንደሚናገሩ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ነው የሚጀምሩት፣ ሰው ጆሮውን እንዲያዘነብል።

«መሥራቾቻችን አራት ምክንያት ዘርዝረዋል» አሉ። «አስታማሚን አልጨመሩም። ሊጨምሩ ቢፈልጉ ማን ይከለክላቸው ነበር? እኛ ዛሬ ተነሥተን ያላሉትን አሉ ልንል አንችልም። ደንብ ለአንዱ ካዘነ ለሌላው መጨከኑ አይቀርም።»

ተጨበጨበ። አቶ ጀማሉዲን ደብተሩን ይዘው ቆሙ፤ አቶ ነጋ «ዶክተሩ አብራርተውታል፣ በድጋሚ ጊዜ አናጥፋ» አሏቸውና ተቀመጡ። እርስዎ ደብተሩን አዩት። ከተቀመጡበት እስከ እሳቸው አምስት እርምጃ አይሞላም፣ አይተውታል። ከዚያም አንገትዎን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ እናቴ ወጣች። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ የመጀመሪያው ምሳር የእርስዎ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

እዚህ ላይ እንዳይሳሳቱብኝ። ጽሑፍ ከጸሐፊው እጅ ከወጣ በኋላ በራሱ ይቆማል፣ ጸሐፊው ምን አስቦ ነበር የሚለው አይመለከተንም ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ጋር ተሟግቼ፣ ተሸንፌም አውቃለሁ፤ ቅር አይለኝም። እርስዎ ግን አያምኑበትም። ሃያ ዓመት ሲያፈርሱት የኖሩትን አነባበብ እሁድ ጠዋት ስላስፈለገዎት ብቻ ከቁም ሳጥን እንደወጣ ኮት ለበሱት። ሙታንን ስብሰባ ጠርተው በአቶ ነጋ አጀንዳ አወያዩአቸው። እኔን ለአንድ ሰነፍ ድርሰት ሲ ሰጥተው ሦስት ሳምንት ያንከራተቱኝ ሰው ለራስዎ ስንት ይሰጡ ይሆን? ስህተት ቢሆን ይቅር ለማለት በቀለለኝ። ስህተት አይደለም፤ አንድ ሳምንት ቀድሜ መልሱን በእጄ ይዤልዎት መጥቻለሁ።

ሌላም አለ። ከጉባኤው በኋላ አቶ ጀማሉዲን የክረምቱን የስም ጥሪ መዝገብ አሳዩኝ። የእርስዎ ስም በሦስቱም ቀብር ላይ «አለ» ይላል። ሦስተኛው ቀብር የነበረው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ማክሰኞ ከሰዓት እርስዎ የት እንደነበሩ እኔ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ፊትዎ ተቀምጬ ነበር። ሴሚናር ላይ ነበርን። በእርስዎ ስም አቤት ያለው አቶ ሳዳም ነው። እሱን አልወቅሰውም፣ የታዘዘውን ነው ያደረገው። የእርስዎ ብቻም አይደለም፤ በዚያ መዝገብ ላይ ግማሹ «አለ» የሹፌርና የዘበኛ አቤት ነው፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ሰው በሌላው ስም መቆም የሚችለው መቼ ነው የሚለውን፣ የውክልናን አሳብ ከነታሪኩ ሦስት ሳምንት አስተምረውናል። ጥበቡ እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ እንደሚውል ግን አልነገሩንም። በሕጉ መሠረት እርስዎ ቀብር ላይ ነበሩ፤ ዘበኛ የሌላት እናቴ ብቻ ቀረች።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር፤ ሌላውን ብቻ ማጋለጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። በዚያ ማክሰኞ እኔስ የት ነበርኩ? አልኩዎት እኮ፣ ፊትዎ ተቀምጬ ነበር። እናቴ በዚያው ጠዋት ደውላ «ዛሬ ከሰዓት ብቅ ማለት ትችያለሽ?» ብላኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ሴሚናር አለብኝ አልኳት። «እሺ ልጄ፣ ትምህርትሽን» አለችኝ። ማንንም የማታስቸግር ሴት ለምን እንደደወለች ለማወቅ ቤተ መዛግብት መግባት አያስፈልግም ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት ውይይታችን ጽሑፍ ዝም ስላለበት ነገር ነበር። ብዙ ተናገርኩ፤ አመሰገኑኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እያልኩ ካልሲ አጥቤ፣ ሳህን አጥቤ፣ እሁድ ወደ መጻሕፍቴ ስመለስ የበሽተኛ ተራዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር። እርስዎን የምከስስበት አንቀጽ እኔንም ይይዘኛል።

የጉባኤውን ውሳኔ ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። አባቴን አጥሚት እያጎረሰች ነበር፤ ማንኪያውን አላቆመችም። ይግባኝ እንላለን፣ እንደዚህ ያለ ነገር አይቀርም ብዬ ስንተከተክ አፉን ጠርጋለት ሳህኑን አስቀመጠች።

«መባረሩ አይደለም ያቃጠለኝ» አለችኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አለመምጣቱ ነው። ሰው የሚያባርረኝ መጀመሪያ መጥቶ እንደሌለሁ አይቶ ነው መስሎኝ።»

የአባቴን ትራስ አስተካከለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም ማለት ይቻላል።

ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቶ ለእሁድ የካቲት 2 ተቀጥሯል። በዚያው ቀን እርስዎ ያረቀቁት አዲስ ደንብም ይጸድቃል። ረቂቁን አንብቤዋለሁ። አንቀጽ ሰባት እንዳለ ገብቷል፤ «ብቻ» የሚለው ቃል እንዲያውም በደማቅ ተጽፏል። እሁድ ከጸደቀ በኋላ የእናቴ ጉዳይ ይዘጋል፣ ደግሞ የሚከፈትበት መንገድ የለም። አቶ ጀማሉዲን ደብተሩን እንደገና ይዘው ይቆማሉ፤ ብቻቸውን ከቆሙ ግን ያው እንደ ኅዳሩ ያስቀምጧቸዋል። ሰዉ ያመነው እርስዎን ነው። እርስዎ የተረጎሙትን ከእርስዎ በቀር የሚፈታው የለም።

እንደገና ሻይ ልጠጣ እንዳልፈለግኩዎት ይገባዎታል። እንዲናገሩልኝ አልለምንም። መጀመሪያ እንዲያነቡ ነው የምፈልገው፣ ደብተሩን ሳይሆን ቤታችንን፤ ሳያነቡ የተናገሩት አንድ ጊዜ በቅቶኛል። ስለዚህ እኔና አቶ ጀማሉዲን አንድ ነገር አድርገናል። የበሽተኛውን ተራ ቀጥለነዋል። በድሮው ደብተር፣ በአባታቸው የመጨረሻ መስመር ስር፣ ቀኑን ጽፈን ነው የቀጠልነው። ሰኞ የአቶ ጀማሉዲን ባለቤት ትመጣለች። ማክሰኞና ቅዳሜ እኔ ነኝ። ረቡዕ ከለፋፊው ጋር ተነጋግረናል፤ «በሜጋፎን ስጣራ ኖሬ እናንተ ቤት መግባት አፈርኩ» ብሎ እሺ አለ። ሐሙስ ጥር 29፣ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዶክተር በኃይሉ ተብሎ ተጽፏል። ፊደሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በእስክሪብቶ ነው።

የሚያስፈልገውን ልንገርዎ። አባቴን በግራ ጎኑ በኩል ሆነው ነው የሚያናግሩት፣ በቀኙ አይሰማም። አጥሚቱ ሞቅ ያለ ይሁን፤ በትንሽ ማንኪያ፣ ውጦ እስኪጨርስ ሌላ አይስጡት። ካሳለው ወደ ፊት ደገፍ አድርገው ጀርባውን በእጅዎ መዳፍ ይምቱት፤ አይፍሩ፣ አይሰበርም። ስለ ሥራው ቢያወሩት ደስ ይለዋል። መልስ አይጠብቁ። ከአልጋው ራስ አይራቁ፤ ስልክ ቢደወልልዎትም እዚያው ሆነው ያንሡ።

ሐሙስ እናቴ የምትወጣው ለገበያ አይደለም፣ ለሕክምናም አይደለም። ሦስቱን ለቅሶ ልትደርስ ነው። ሦስቱም ቤት በየተራ ሄዳ፣ ጊዜው አለፈ ሳትል፣ ነፍስ ይማር ልትል ትፈልጋለች። መጀመሪያ የምትገባው አቶ ነጋ ቤት ነው። እንዳይሰድቧት ፈርቼ ልከለክላት ሞክሬ ነበር፤ «እናታቸው እኮ ናቸው የሞቱት» አለችኝ። ጥቁር ነጠላዋን ትላንት አጥባ አስጥታዋለች።

ሐሙስን ለሌላ ሰው አልሰጠሁትም። አቶ ጀማሉዲን ምናልባት ቢቀሩ ብለው አንድ ተጠባባቂ እንድንጽፍ ጠይቀውኝ ነበር፤ አይሆንም አልኳቸው። እርስዎ ካልመጡ እናቴ ከቤት አትወጣም።

ተማሪዎ፣
ምስጢር ጉርሜሳ